ጠያቂ የበዛባቸው፣ መላሽ የጠፋላቸው

ጎንደር ላይ ሁለተኛ ደረጃ ለተማረ ልጅ መጠይቅ ምን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም። አንድ ትሑት ወጣት ወረቀት በክንዱ አቅፎ ክፍል ይገባል። መምህሩ «ተባበሩት» ብሎ ይወጣል። ወረቀቱ ይታደላል፤ ስም አይጻፍም፤ ምስጢር ነው ይባላል። ከዚያ ጥያቄው ይጎርፋል። የግብረ ሥጋ ግንኙነት ፈጽመህ ታውቃለህ? በስንት ዓመትህ? ከስንት ሰው ጋር? ኮንዶም ተጠቅመሃል? ካልተጠቀምህ ለምን? የአባላዘር በሽታ ምልክት ታይቶብህ ያውቃል? ልጁ ጎረቤቱ እንዳያይበት ወረቀቱን በክንዱ ከልሎ ይሞላል። ወረቀቱ ይሰበሰባል፤ ወጣቱ አመስግኖ ይሄዳል።

መምህር በነበርኩበት ዘመን እንዲህ ባለ ቀን በሩ ላይ ቆሜ ነበር። አንዲት የአሥረኛ ክፍል ልጅ እጇን አወጣች። «ጋሼ፣ ‹ያልተለመደ ፈሳሽ› ሲል የትኛው ነው ያልተለመደው? ከጤነኛው በምን ይለያል?» አለች። ወንዶቹ ሳቁ። ወጣቱ ፊቱ ቀላ። «እኔ መረጃ ለመሰብሰብ ብቻ ነው የመጣሁት፤ የመሰለሽን ሙዪ» አላት። እሷም የመሰላትን ሞላች።

ወጣቱን አልወቅሰውም። የተላከው ለመጠየቅ ነው፤ የሚመረቀውም በጠየቀው ነው። ግን ነገሩን እስከ መጨረሻው እንከተለው። ያ ወረቀት ኮምፒዩተር ውስጥ ይገባል፣ በመቶኛ ይሰላል፣ በእንግሊዝኛ ይጻፋል፣ ልጅቷ አንብባው በማታውቀው መጽሔት ላይ ይወጣል። መጨረሻው ላይ «ትምህርት ቤቶች ለተማሪዎች ስለ አባላዘር በሽታዎች ተገቢውን ትምህርት ሊሰጡ ይገባል» የምትል ምክር አትጠፋም። ጥቂት ቆይቶ ሌላ ወጣት፣ ሌላ ወረቀት፣ ያችው ምክር። እንግዲህ ተማሪዎቻችን ምን ምን እንደማያውቁ በሚገባ ተጠንቶልናል። የቀረው መንገር ነው። እሱን የሚያደርግ ጠፋ።

ይህ ደግሞ የሆነው በሌላ ከተማ ሳይሆን በጎንደር ነው። በ1945 ዓ.ም. የደምቢያ ሜዳ ላይ የወባ ወረርሽኝ ገብቶ ሺዎችን ፈጀ። ያ እልቂት ካለፈ በኋላ፣ በ1947 ዓ.ም.፣ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ተከፈተ። ዛሬ ዩኒቨርሲቲ የሆነው እሱ ነው። የኮሌጁ ሐሳብ ቀላል ነበር፦ በሽታን ሆስፒታል ተቀምጠህ አትጠብቀው፣ መንደሩ ድረስ ሂድበት። የጤና መኮንን፣ ኮሚዩኒቲ ነርስና ሳኒተሪያን አንድ ቡድን ሆነው ወደ ገጠሩ ይወጡ ነበር። ሳኒተሪያኑ የአገር ሽማግሌ ሰብስቦ ስለ ምን ነበር የሚያወራው? ስለ ሰገራ! የት እንደሚወጣ፣ ጉድጓዱ ስንት ክንድ እንደሚቆፈር፣ ዝንብ ከዚያ ተነስታ እንጀራ ላይ እንደምታርፍ። ከዚህ የበለጠ ነውር የሚባል ወሬ አለ? ግን ተወራ። ሽማግሌዎቹም ጋቢያቸውን አጣፍተው ሰሙ። ያን ያደረገች ከተማ ናት እንግዲህ ዛሬ ለአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ጨብጥ ምን እንደሆነ ለመንገር የምታፍረው።

«ባህላችን አይፈቅድም» የምትለዋን ነገር እኔ በጣም ሰልችቻታለሁ። የትኛው ባህል? ጎንደር የአዝማሪ አገር ናት። ማታ አዝማሪ ቤት ገብታችሁ ተመልከቱ፤ ማሲንቆው ሲቃኝ፣ ግጥሙ ሰምና ወርቅ ሆኖ ሲወርድ፣ ወርቁ ምን እንደሆነ ያልገባው ሰው ቤት ውስጥ የለም። የሚያጨበጭበው ማን ነው? ቀን ቀን «ተማሪ ፊት እንዲህ ያለ ነገር አይነሳም» የሚለው አለቃ ነው። ሠርግ ላይስ ስንት ነገር ይዘፈናል? ሙሽራውን ለጫጉላው የሚያዘጋጁት ሚዜዎቹ አልነበሩም? ባህላችን ነገሩን አይጠላውም። የሚፈራው ነገሩን በቀን ብርሃን፣ በቁም ነገር፣ ለልጅ መናገርን ነው። በጨለማና በቀልድ ከሆነ ችግር የለበትም።

ቋንቋውም አልጎደለንም። ቂጥኝ፣ ጨብጥ፣ ከርክር፣ ባምቡሌ፤ እነዚህን ስሞች ፈረንጅ አላመጣልንም። ሰው ለማያወራው ነገር ስም አያወጣም። «አባለ ዘር» የሚለው ቃል ደግሞ ራሱ ጨዋ ነው፤ ማንም አባት እራት ላይ ቢናገረው አንገቱን የሚያስደፋ አይደለም። ቤተ ክርስቲያንም ብትሆን ከትምህርት ቤቱ ቀድማለች። ሙሽሮች ከመጋባታቸው በፊት የኤች አይ ቪ ምርመራ ወረቀት ይዘው እንዲመጡ ስንቱ አጥቢያ ሲጠይቅ ኖሯል። ሰው ጠበል ሲጠመቅ መድኃኒቱን እያቋረጠ ባስቸገረበት ጊዜም ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉና መድኃኒቱ እንደማይጣሉ በአደባባይ ተናግረዋል። ጳጳስ በአደባባይ የተናገረውን መምህር ክፍል ውስጥ ይደግም ዘንድ የማን ፈቃድ ነው የሚጠበቀው?

ሌላዋ ክርክር «ልጆቹን ታነቋቸዋላችሁ» የምትለዋ ናት። ይቺኛዋ ቢያንስ መልስ ይገባታል፤ ምክንያቱም የወላጅ ስጋት አለባት። ዩኔስኮ በ2009 (እ.ኤ.አ.) ባወጣውና በ2018 ባሻሻለው መመሪያ ላይ ከብዙ አገር የተሰበሰቡ ጥናቶችን አስመርምሯል። እንዲህ ያለው ትምህርት ልጆች ግንኙነት የሚጀምሩበትን ጊዜ እንደማያፋጥን ነው የተገኘው። እንዲያው እሱን እንኳ እንተወውና ልጆቹ እስካሁን ተኝተዋል ያለው ማን ነው? እያንዳንዱ ኪስ ውስጥ ስልክ አለ። እኛ የዝምታ ጠባቂዎች ሆነን በሩ ላይ ስንቆም ልጁ በመስኮት ወጥቶ ከሄደ ቆይቷል።

እርግጥ ነው፣ ትምህርት ቤቶቻችን ሁልጊዜ ዝም አላሉም። በኢትዮጵያ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን በ1978 ዓ.ም. ከተመዘገቡ በኋላ፣ በተለይ በ1990ዎቹ፣ የፀረ ኤድስ ክበብ ያልነበረበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ማግኘት ይከብድ ነበር። ቲሸርቱ፣ ሚኒ ሚዲያው፣ የኅዳር 22 ሰልፉ። ድራማውንማ ማን ይረሳዋል? አንድ ከከተማ የመጣ መነጽር ያደረገ ሰውዬ አለ፤ አንዲት ልጅ ትሳሳታለች፤ በሦስተኛው ትዕይንት ማሳል ትጀምራለች፤ በአራተኛው ነጠላ ትለብስና ትሞታለች። ግድግዳው ላይ ደግሞ አጥንቱ የወጣ ሰው፣ የሬሳ ሣጥን፣ የራስ ቅል። ሦስቱ የ‹መ› ሕጎችም ነበሩ፦ መታቀብ፣ መወሰን፣ መጠቀም። መምህሩ የመጀመሪያዋን ጮክ ብሎ ይናገራል፤ ሁለተኛዋ ላይ ይረጋጋል፤ ሦስተኛዋ ስትደርስ ድምፁ ይሰልልና ደወሉ ይደወላል። ምኑን ነው የምንጠቀመው፣ እንዴት ነው የምንጠቀመው ብሎ የሚጠይቅ ካለ «ባለጌ» ነው።

ያ ዘመን ብዙ ሕይወት አድኗል፤ አልክድም። የነበረው እልቂት ያስጮህ ነበር። ግን ፍርሃትን አስተምሮ ዕውቀትን ዘለለ። ልጆቹ በሽታውን ከመፍራት አልፈው ሕመምተኛውን መፍራት ተማሩ። በጎረቤት ኩባያ ቡና አልጠጣም ያለው፣ የክፍል ጓደኛውን እናቱ ስለሞተች ብቻ ከጎኑ ያስነሳው፣ የዚያ ግድግዳ ተማሪ ነው። ደግሞም ኤች አይ ቪ ሌሎቹን ሁሉ ዋጣቸው። ስለ ቂጥኝ፣ ስለ ጨብጥ፣ ስለ ክላሚዲያ የሚያወራ ጠፋ፤ የማይገድል በሽታ በሽታ አይመስልም ነበርና።

ከዚያ በ1997 ዓ.ም. መድኃኒቱ በነፃ መሰጠት ጀመረ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ የሬሳ ሣጥኑ ቀነሰ። ገንዘቡም ቀስ በቀስ ቀነሰ፣ ክበቡም ቲሸርቱ ሲያልቅ አለቀ። ፍርሃቱ ሄደ፤ በቦታው የተተካ ነገር ግን የለም። ዛሬ ዘጠነኛ ክፍል ያለው ልጅ ያን አጥንት የወጣ ሰው አላየም፤ በመንደሩ ሲቀበርም አልሰማም። ስለዚህ አይፈራም፤ አያውቅምም። የ2016 (እ.ኤ.አ.) የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 24 ዓመት ካሉ ወጣቶች ስለ ኤች አይ ቪ መተላለፊያና መከላከያ የተሟላ ዕውቀት ያላቸው ከሴቶቹ 24 በመቶ፣ ከወንዶቹ 39 በመቶ ብቻ መሆናቸውን አሳይቷል። ከሠላሳ ዓመት ጩኸት በኋላ ማለት ነው! ያ ሁሉ ሰልፍ፣ ያ ሁሉ ከበሮ፣ ከአራት ልጃገረዶች አንዷን እንኳ በቅጡ አላስተማረም። በዚያው ጥናት ቫይረሱ በደሙ ያለበት ሰው በአገሪቱ 0.9 በመቶ ሲሆን በአማራ ክልል 1.2 በመቶ ነበር፤ በከተማ ደግሞ 2.9። የገጠሩ ልጅ ለትምህርት ብሎ የሚመጣው ወደዚህ ከተማ ነው።

እስቲ አሁን መምህሩ ሲተው ማን እንደሚያስተምራቸው እንይ። ጨረቃ ታስተምራለች። በጨረቃ ፊት ለፊት ሽንቱን የሸና ጨብጥ ይይዘዋል የሚለውን ያልሰማ አለ? ፀሐይ ያጋለው ድንጋይ ላይ መቀመጥም አለበት። ምስኪኗ ጨረቃ ስንት ትውልድ የሰው ጥፋት ተሸክማ ኖረች! አስቂኝ ይመስላል፤ ግን ተከተሉት። ጥፋቱ የጨረቃ ከሆነ ጓደኛዬን አብራ እንድትታከም የምነግራት ምን ቆርጦኝ ነው? እኔ ጓደኞቼ ባመጡልኝ ሁለት ፍሬ ቴትራሳይክሊን ማቃጠሉን አስታግሼ ዝም እላለሁ፤ ልጅቷ ደግሞ ምንም አይሰማትም። ጨብጥና ክላሚዲያ በሴት ላይ ብዙ ጊዜ ምልክት አያሳዩም። ውስጥ ውስጡን ሄደው የማሕፀኗን ቱቦ ይዘጉታል። ከአሥር ዓመት በኋላ «መካን» ተብላ የምትፈታው እሷ ናት። ባልየው ሌላ ያገባል፤ ጨረቃም ትወጣለች፣ ትገባለች።

ቂጥኝም እንደዚሁ ነው። መጀመሪያ የሚወጣው ቁስል አያምም፤ ደግሞም በራሱ ጊዜ ይድናል። ልጁ «ሄደልኝ» ይላል። አልሄደም፤ ደም ውስጥ ገብቶ ተቀምጧል፤ ነገ የሚወለደውን ልጁን ድረስ ይጠብቃል። በጊዜ ቢታወቅ በፔኒሲሊን መርፌ የሚድን በሽታ ነው። ይህን ለመናገር ስንት ደቂቃ ይፈጃል? አሁን ካነበባችሁት አይበልጥም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ብለን የምንተርት ሕዝብ፣ ልጆቻችን ግን በሽታው መሆኑን ሳያውቁ ነው የሚደብቁት።

ወደ ደጋው እንውጣ። ዳባት፣ ደባርቅ፣ ጃናሞራ፣ በየዳ። ከገጠር ቀበሌ ስምንተኛን ያለፈ ልጅ ሁለተኛ ደረጃ የሚማረው ወረዳው ከተማ ላይ ቤት ተከራይቶ ነው። ሦስት አራት ሆነው አንዲት ክፍል ይይዛሉ። አባት ቅዳሜ ገበያ ሲወጣ ስንቅ ያደርሳል፤ እህል፣ ሽሮ፣ ድርቆሽ። ስንቁ ሐሙስ ካለቀ እስከ ቅዳሜ መንገዱ ረጅም ነው። የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ያለ እናት፣ ያለ አክስት፣ ያለ መብራት ብቻዋን ትኖራለች። የቤት ኪራዩ ዘግይቶ አከራይዋ ሲያንኳኳ፣ ስልክ ልግዛልሽ የሚላት ሾፌር ሲመጣ ምን እንደምትል፣ ከዚያም ክፉ ነገር ቢደርስባት ወዴት እንደምትሄድ የነገራት የለም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቤት ለቤት የምታስተምረው እናቶችን ነው። ይቺ ልጅ እናት አይደለችም፤ ቤትም የላትም። በሁለቱ መሃል ወደቀች።

አንድ ሌላ ነገር አለ፣ የከተማ ሰዎች የምንረሳው። ከላይ በጠቀስኩት ጥናት ከ25 እስከ 49 ዓመት ካሉ የአገሪቱ ሴቶች ግማሾቹ የመጀመሪያ ግንኙነታቸውን የፈጸሙት 16.6 ዓመት ሳይሞላቸው ነው፤ የወንዶቹ 21.2 ነው። ሴቶቹ የሚያገቡበት አማካይ ዕድሜ ደግሞ 17.1፤ አማራ ክልል ከአገሪቱ ዝቅተኛው ነው። ሕጉ 18 ይላል፤ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው። የኔ ነጥብ፣ ለብዙዋ የደጋ ልጅ ነገሩ የሚጀመረው በጓደኝነት ሳይሆን በጋብቻ ነው። «ታቀቢ» የሚለው ምክር የሚደርሳት ድንኳኑ ከተጣለ በኋላ ነው። «ተወሰኚ» ትባላለች፤ ተወስናለች እኮ፤ ያልተወሰነው በዕድሜ የሚበልጣት ባሏ ነው። ከዚያ ተፋትታ ወደ ትምህርት ቤት የምትመለስ አለች፤ ጎንደር ወርዳ ሰው ቤት የምትቀጠርም አለች፤ ከሰው ቤት ወጥታ መጠጥ ቤት የምትገባም አለች። እነዚህ ሁሉ በአንድ ወቅት ዘጠነኛ ክፍል፣ ከፊታችን፣ ደብተር ዘርግተው ተቀምጠው ነበር።

ወንዶቹስ? ወንዶቹ መተማ ይወርዳሉ። ትምህርት እንደተዘጋ የደጋው ልጅ ወደ ቆላው ለሰሊጥ አረማ ይሄዳል፤ የደብተርና የጫማ ገንዘብ ለማግኘት። ሐምሌና ነሐሴ አረም ነው፤ አጨዳው ከመስከረም በኋላ ስለሆነ ስንቱ ምዝገባው እያለፈበት እዚያው ይቀራል። ውጪ ነው የሚተኙት፤ ጥቁሩ አፈር ተሰነጣጥቆ፣ ከግራሩ ሥር። እዚያ የአሸዋ ዝንብ አለች፤ ካላዛር ይዛ። ኤች አይ ቪ እና ካላዛር አንድ ሰው ላይ ከተገናኙ ደግሞ አንዱ ሌላውን ያባብሳል፤ ካላዛሩ ታክሞ ተመልሶ ይመጣል። የሁለቱ በሽታዎች ጥምረት በዓለም ላይ እጅግ ጎልቶ ከታየባቸው ቦታዎች አንዱ ይኸው የኛ የመተማና የሁመራ ቆላ መሆኑን ለማወቅ ጎንደር ሆስፒታል የካላዛሩን ማዕከል መጎብኘት ይበቃል። ልጁ በሁለት ወር ውስጥ በሕይወቱ አይቶት የማያውቀውን ገንዘብ ይይዛል፤ ቅዳሜ ማታ ከተማው ይገባል፤ ዙሪያውን ያሉት ከሱ በአሥር ዓመት የሚበልጡ የቀን ሠራተኞች ናቸው፤ ወንድነቱን የሚያሳይበት ቦታ ይመሩታል። ይህ ልጅ ከአንድ ወር በፊት የሥነ ሕይወት ትምህርት ክፍል ውስጥ ነበር። የመራቢያ አካላት ምዕራፍ ሲደርስ መምህሩ ምን አለ? «ይችን ቤታችሁ አንብቧት።»

«ወላጅ ምን ይለናል?» ይሉኛል። እኔ በዚያው የማስተማር ዘመኔ ወላጅን ጠይቄያለሁ። የወላጅ ስብሰባ ነበር፤ አጀንዳው ስለ አጥርና ስለ መዋጮ ነው። ምክትል ርዕሰ መምህሩ እንዳላነሳው በዓይኑ እየለመነኝ አነሳሁት፤ ለልጆቻችሁ ስለነዚህ በሽታዎች በግልጽ ብናስተምር ትቆጣላችሁ ወይ አልኩ። ጸጥ አለ። ኋላ ወንበር ላይ አንድ አርሶ አደር፣ ዱላቸውን አገጫቸው ላይ አስደግፈው፣ ተነሡ። «አያ መምህር፣ እኔ ልጄን የማያት በሳምንት አንድ ጊዜ ስንቅ ሳደርስ ነው። እናቷም አፍራ አትነግራት፤ እኔም አፍሬ አልነግራት። እናንተ ደመወዝ የሚከፈላችሁ ለምን ሆነና ነው?» አሉ። አንዲት እናትም ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው «ንገሯቸው እንጂ ልጄ፤ እኛንማ የነገረን አልነበረም» አሉ። የተቆጣ አልነበረም። በወላጅ ስም የሚቆጣው ቢሮ የተቀመጠው ነው። ቢሮው ወላጅን የሚያውቀው መዋጮ ሲሰበስብ ብቻ ነው።

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ደግሞ አዲስ መልስ ተገኝቷል። «አገር እንዲህ ሆኖ፣ ትምህርት ቤት ተዘግቶ፣ አንተ ስለ አባላዘር ታወራለህ?» አዎ፣ አወራለሁ። ትምህርት ቤት መዘጋቱማ ነገሩን አባባሰው እንጂ አላቀለለውም፤ ከክፍል የወጣችው ልጅ የት እንደምትገባ ከላይ ብያለሁ። ጦርነቱ ያመጣውንም እናውቃለን። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ነፋስ መውጫ ላይ ሴቶች በታጣቂዎች መደፈራቸውን አምነስቲ ኢንተርናሽናል ከ16 ሴቶች አንደበት መዝግቧል፤ የከተማዋ የሕክምና ተቋማትም ተዘርፈው ነበር። እንዲህ ያለ ነገር ለደረሰባት ሴት ኤች አይ ቪ እንዳይዛት የሚከላከል መድኃኒት አለ፤ የሚሠራው ግን በ72 ሰዓት ውስጥ ከተጀመረ ነው። ሰባ ሁለት ሰዓት። ቶሎ በጀመረች ቁጥር ይበልጥ ይጠብቃታል። በየክልላችን ስንት የሁለተኛ ደረጃ ልጃገረድ ይህን ቁጥር ታውቃለች? የናይልን ርዝመት በኪሎ ሜትር ታውቃለች። የፎቶሲንተሲስን ቀመር ታውቃለች። ይህንን የነገራት የለም፤ ምክንያቱም ቁጥሩን ለመናገር መደፈር የሚባል ነገር እንዳለ መናገር አለብህ። እሷም አፍራ ሦስት ቀን ትተኛለች፤ ሰዓቱ ያልፋል።

ርዳታ ሰጪ እንዳንጠብቅ ደግሞ ያም በር ተዘግቷል። በ2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ርዳታውን ሲያቆም ጤና ሚኒስቴር በዚያ ገንዘብ ለኤች አይ ቪና ለወባ ሥራ የተቀጠሩ ከ5,000 በላይ የጤና ሠራተኞችን ውል አቋርጧል። ምርመራ ገንዘብ ይጠይቃል፤ መድኃኒት ገንዘብ ይጠይቃል። መምህር አፉን ለመክፈት ግን የማንንም ምክር ቤት ውሳኔ አይጠብቅም። አበል የሌለበት፣ ዎርክሾፕ የማይጠራለት መከላከያ ይኸው አንዱ ነው። ምናልባት አበል ስለሌለበት ይሆን ማንም ያልፈለገው?

ከዚህ የሚያናድደኝ፣ በሩ በራሱ ጊዜ ሲከፈት እንኳ አለመግባታችን ነው። በ2011 ዓ.ም. የማሕፀን በር ካንሰርን የሚከላከለው ክትባት ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት ሲጀመር ጤና ባለሙያው መርፌውን ይዞ ትምህርት ቤት ድረስ ገባ። ልጆቹ ተሰለፉ፣ ክንዳቸውን ሰጡ። ካንሰሩን የሚያመጣው በግብረ ሥጋ የሚተላለፍ ቫይረስ መሆኑን፣ ክትባቱ የሚሰጠው ቫይረሱን ሳያገኙት በፊት መሆኑን ተቀምጦ በወጉ ያስረዳቸው ግን ስንት ነው? ዝም ሲባል ወሬ ገባ፤ «መካን የሚያደርግ መርፌ ነው» ተባለ። እናቶች ልጆቻቸውን የደበቁት ባህል ስላገዳቸው አይደለም። ያልተነገረውን ራሳቸው ሞልተውት ነው።

እኔ የምለው ትምህርት ተራራ አይደለም። ዘጠነኛ ክፍል ላይ፣ ወንዱም ሴቷም ባሉበት፣ ከዚያም ለየብቻ ተቀምጠው የሚጠይቁበት ጥቂት ክፍለ ጊዜ። መታቀብ ይነገር፤ የመጀመሪያውም የተሻለውም እሱ ነው፤ ግን እንደ ስድብ አይነገር። እንቢ ማለት መብቷ መሆኑ ለሷ ብቻ ሳይሆን ለሱም ይነገረው፤ እስካሁን ለሷ ብቻ ነው የነገርነው። ኮንዶም እንደ ማንኛውም የጤና ዕቃ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ፤ ሱቁ በር ላይ ተሰቅሎ የሚሸጥ ነገር ክፍል ውስጥ ሲገባ ጣሪያው አይፈርስም። ሲታከሙ ሁለቱም መታከም እንዳለባቸው፣ ጤና ጣቢያ ምን እንደሚጠየቁና ምን እንደማይጠየቁ፣ ቫይረሱ ያለበት ሰው መድኃኒቱን በአግባቡ ወስዶ በደሙ ውስጥ በምርመራ የማይታይ ደረጃ ላይ ከደረሰ በግንኙነት እንደማያስተላልፍ ይነገር። ይህ የመጨረሻው ነገር ብቻውን የዚያን የራስ ቅል ሥዕል ግማሽ ጉዳት ይጠግናል። መምህሩ ካፈረ ነርሷን ይጥራ፤ ጤና ጣቢያው ብዙ ጊዜ ከትምህርት ቤቱ የእግር መንገድ ነው።

መጠይቅ ይዘው ለሚመጡትም አንድ ነገር ልበል። ዳባት ላይ ከ1996 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ዩኒቨርሲቲው የሕዝቡን ልደትና ሞት እየተከታተለ ይመዘግባል፤ ድንቅ ሥራ ነው፣ በአገር ደረጃም የሚያኮራ። ሕዝቡ ሲቆጠር፣ ሲጠየቅ፣ ሲመዘገብ ኖሯል፤ በሩን ዘግቶም አያውቅም። እንግዲያውስ ተማሪ ሊጠይቅ ክፍል የሚገባ ሁሉ፣ ከየትኛውም ተቋም ይምጣ፣ ፈቃድ ሲሰጠው አብሮ ይታዘዝ፦ ወረቀቱን ከሰበሰብክ በኋላ ግማሽ ሰዓት ቆይተህ የልጆቹን ጥያቄ ትመልሳለህ። ያልቻለ የሚችል ሰው ይዞ ይምጣ። የጥናት ሥነ ምግባር ኮሚቴዎች ስለ ምስጢር ጥበቃ የሚያስፈርሙትን ያህል ይህንንም ቢያስፈርሙ ምንም አይጎድልባቸውም።

ጊዜውን በሚመለከት ደግሞ ለደጋው ትምህርት ቤቶች «በሚቀጥለው ዓመት ዕቅድ ውስጥ ይካተታል» የሚለው መልስ አይሠራም። ካርድ የሚሰጠው ሰኔ 30 ነው። የሰሊጡ አረም የሚጀመረው ሐምሌ ላይ ነው፤ ወደ መተማ የሚወርዱት ልጆችም ካርዳቸውን በተቀበሉ በሳምንቱ መናኸሪያ ናቸው።